የራሴን ንፍሮ የበላሁበት ቅዳሜ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ልርሳው ብል እንኳ የሚያስረሳኝ የለም፤ ምክንያቱም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ ጥሩምባ እየነፋ በቤቴ በር የሚያልፍ ሰው አለ። ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መምህር ነኝና ነገር በቅደም ተከተል ሲነገር ደስ ይለኛል።

ስሜ አንዱዓለም ይባላል። ደባርቅ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ወላጆቻችን አምቢኮ አካባቢ ገብስ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። እኛ ሦስት ልጆቻቸው ደግሞ ደባርቅ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ታላቃችን ሀብታሙ፣ መካከለኛው እኔ፣ ታናሻችን ትርንጎ።

ሀብታሙን ለማታውቁት ላስረዳ። ከደባርቅ ጎንደር በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። አንድ ልማድ ነበረው። ፊቱ የጠቆረ ወጣት ተሳፋሪ ሲያይ ሌላ ቦታ አያስቀምጠውም፤ በሩ አጠገብ፣ ከራሱ ጎን ያስቀምጠዋል። ከዚያ የማይረባ ጥያቄ ይጠይቀዋል። «አንተ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ትራፊክ ፖሊስ እኩል ቢቆጡህ ከማን ትሸሻለህ?» ይለዋል። ልጁ መጀመሪያ ይናደዳል። ዳባት ሲደርሱ ይመልሳል። ኮሶዬ ሲደርሱ የሆዱን ሁሉ ነግሮት ይጨርሳል። ሀብታሙ ስለዚህ ነገር ሥልጠና አልወሰደም። እኔ ወስጃለሁ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ካቻምና ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሀብታሙ በድንገት ታሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፈ። በቀብሩ ላይ የማናውቃቸው ወጣቶች መጥተው አለቀሱ። ማን እንደሆኑ ስንጠይቃቸው ሁሉም የሚሉት ተመሳሳይ ነበር። ጨንቆኝ ሳለ ሚኒባስ ውስጥ አናግሮኛል ይላሉ።

ትርንጎ በዚያ ሳምንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ ጎንደር ገብታ ነበር። ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ፈተናዋን ሳትጨርስ አይነገራት ተብሎ በቤተሰብ ተወሰነ። በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ሰዓት ይመረጥለታል፣ የሚናገረው ሰው ይመረጥለታል፣ እስከዚያው ድረስ አገሩ በሙሉ እያወቀ እንዳላወቀ ይሆናል። ልጅቷ ከፈተና እንደወጣች መጀመሪያ የደወለችው ለሀብታሙ ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ለሌላ ዘመድ ስትደውል «ምንም የሆነ ነገር የለም» አሏት።

ደባርቅ ስትደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ወንበሩ ተመልሷል፣ ሰዉ ወደ እርሻውና ወደ ሥራው ሄዷል። በማለዳ መርዶውን ነገሯት። «እሺ» አለች። ጥቂት ጎረቤቶች መጥተው አለቀሱ። እሷ ግን ተነሥታ ልብሷን አጠበች።

ከዚያ ወዲህ ትርንጎ አላለቀሰችም፤ አልሳቀችም። ውጤቷ ጥሩ መጣ፣ እሺ አለች። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቀች ቤት ዋለች። ከቤት አትወጣም፣ ከጓደኞቿ ጋር አትገናኝም። ምን ሆንሽ ስላት «ምንም አልሆንኩም» ትለኛለች። አንድ ወንድሜን ቀብሬ እህቴን ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ እያለች እንዳላጣት ፈራሁ። ከዚህ በኋላ የማወራችሁ ነገር የሚያስቅ ቢሆንም ከሥሩ ይህ ፍርሃት እንደነበረ ያዙልኝ።

ጥቅምት ላይ ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና አጭር ሥልጠና ወሰድኩ። ስመለስ ብዙ ትልልቅ ወረቀትና ባለ አምስት ቀለም ማርከር ይዤ መጣሁ። በዚያው ምሽት የሐዘን ደረጃዎችን በሥዕላዊ መግለጫ ሠርቼ ከትርንጎ አልጋ ትይዩ ለጠፍኩላት። በማግሥቱ ስገባ ጃኬቷን ሰቅላበታለች።

ተስፋ አልቆረጥኩም። በሀብታሙ መታሰቢያነት ወጣቶች የሚያወሩበት ቦታ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ላዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ። ርእሰ መምህሩ ፈቀዱልኝ። ችግሩ ቦታ ነበር። ክፍሎቹ ቅዳሜም በማጠናከሪያ ትምህርት ይያዛሉ። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ደግሞ ተማሪ ምሥጢሩን አያወራም፤ እኛ መምህራን ምን ያህል ወሬ እንደምንወድ ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ ግቢው ጥግ ላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ድንኳን ያስፈልገኛል አልኩ። ድንኳን ያለው ደግሞ እድራችን ነው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ዘውዱ ይባላሉ። ቤታቸው ሄጄ ሐሳቤን አስረዳኋቸው። የእድሩ ድንኳን ከለቅሶ በቀር ለሌላ ነገር ወጥቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። እኔም የአእምሮ ጤና ምን ማለት እንደሆነ፣ ወጣትነት ለምን ልዩ ጊዜ እንደሆነ፣ አእምሮ ራሱ ከምን ከምን እንደተሠራ አብራራሁላቸው። ያሳመናቸው ማብራሪያዬ ይሁን ወይም እንድበቃቸው ፈልገው ይሁን እስካሁን አላወቅኩም። «ለሀብታሙ መታሰቢያ ከሆነ ውሰደው» አሉኝና ለዕቃ ጠባቂው መልእክት ልከው እሳቸው ዘመድ ጥየቃ ወደ ገጠር ሄዱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎች ጋር ሆነን ድንኳኑን ተከልን። ትርንጎንም አመጣኋት። እኔ ለማደር ወደ ጎንደር ስለምሄድ ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑን እንድትጠብቅልኝ ለመንኳት። «ለአንድ ቀን ብቻ» አለች። ከቤት መውጣቷን እንደ ድል ቆጠርኩት።

ጎንደር የምሄደው ያሳተምኩትን ባነር ለማምጣት ነው። ባነሩ ላይ ሀብታሙ ከሚኒባስ በር ብቅ ብሎ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶና «ኑ፣ እናውራ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ለመሄድ ስጣደፍ ስልኬን ቤት ውስጥ ቻርጀር ላይ ረሳሁት። መኪና ስለማይስማማኝ ደግሞ ስሳፈር ሁልጊዜ ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው። ስልኩንና ሎሚውን አደራ እንዳትረሱ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቅዳሜ በማለዳ ከጎንደር ተነሣሁ። ዳባት ላይ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ገቡ። አንደኛዋ፣ እድሜያቸው ገፋ ያለው፣ ከአጠገቤ ተቀመጡ። በሰላም ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ሰላም አለ ልጄ» አሉኝ። «ደባርቅ ለቅሶ ልንደርስ ነው። አንድ መምህር ሞቶ።»

ደነገጥኩ። የትኛው ትምህርት ቤት ብዬ ስጠይቃቸው የነገሩኝ የእኔን ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ስሙን የእህታቸው ልጅ በስልክ ነግራቸው እንደነበርና እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። የባልደረቦቼን ስም አንድ በአንድ ስጠራላቸው በእያንዳንዱ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀጭን ነው አሉ። ገና ልጅ። ደግ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው አሉ። ብቻ አንድ ነገር ከጠየቁት አይለቅም። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ስንት ሰዓት ነው ብትለው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ ብላለች።»

እንዲህ ያለ መምህር እኛ ትምህርት ቤት እንደሌለ ነገርኳቸው። ለምን ሊኖር እንደማይችልም በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሴትዮዋ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ ሟቹ ትናንት በጠና ታሞ ወደ ጎንደር ሲወሰድ የባጃጅ ሹፌሮች እንዳዩት፣ ምስኪኑ አንገቱን ደፍቶ ሎሚ ሲያሸት እንደነበር ነገሩኝ።

እጄ ላይ ያለውን ሎሚ አየሁት። ጎንደር የሚሄድ ሰው ሁሉ ሎሚ ያሸታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነፍሱን ይማር አልኩ።

«እኔን የምታሳዝነኝስ ታናሽ እህቱ» አሉ ሴትዮዋ። «ታላቅ ወንድሟ በክረምት ሞቶ፣ ፈተና ላይ ነሽ ብለው ደበቋት። አሁን ደግሞ ይኸኛው። እስካሁን አልነገሯትም አሉ። ድንኳኑ ሥር ቆማ የሞተ የለም ትላለች አሉ።»

በደባርቅ ከተማ ቀጭን የሆነ፣ ማብራራት የሚያበዛ፣ ታላቅ ወንድሙ በክረምት የሞተበት፣ ታናሽ እህቱ ድንኳን የምትጠብቅለት መምህር ስንት ይኖራል ብዬ አሰብኩ። አንድ ነው።

«እናቴ፣ ሟቹ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ሎሚውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። በስመ አብ ብለው አማተቡና ረዳቱን ሌላ ቦታ እንዲፈልግላቸው ጠየቁት። ሚኒባሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ሟቹ ለመሆኔ ማስረጃ ጠየቁ፤ ሌላው ደግሞ የሚጠየቀው ላለመሞቱ ነው ብለው ተከራከሯቸው። እኔ ነገሩን ለማስረዳት ባነሩን ዘረጋሁት። የሀብታሙ ፎቶ ብቅ ሲል ሁለተኛዋ ሴት ጮኹ። ረዳቱ ግን ፎቶውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሀብታሙ ሥራ ያስለመደው ልጅ ነው።

«የሀብቴ ወንድም ነህ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ንዳው» አለ።

ተሳፋሪዎቹ ስልክ አዋሱኝ። ነገር ግን የትርንጎን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። የሕዋስን ክፍሎች በሙሉ ከነተግባራቸው በቃሌ እወጣለሁ፤ የእህቴን ቁጥር ግን የሚያውቀው ቻርጀር ላይ ያለው ስልኬ ብቻ ነው።

እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ድንኳኑ ዘንድ የሆነውን በኋላ ብዙ ሰው ጠይቄ አጣርቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አያ ፈንቴ ይባላሉ። የእሳቸው አሠራር ግልጽ ነው። ድንኳን ከወጣ በማግሥቱ ማለዳ ጥሩምባ ይነፋል። ማን እንደሞተ መጠየቅ ሥራቸው አይደለም። ዓርብ ከሰዓት ድንኳኑ በጋሪ ተጭኖ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፍ አይተዋል፤ አቶ ዘውዱ ደግሞ ገጠር ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሰፈሩን ዞረው፣ ትምህርት ቤት ግቢ ለቅሶ ስላለ የእድሩ አባላት በሙሉ እንዲደርሱ ለፈፉ። ሰው ማን ሞተ ሲላቸው «ስትደርሱ ትሰማላችሁ» አሉ።

ሰዉ መንገድ ላይ እየተገናኘ መገመት ጀመረ። ትምህርት ቤት ከሆነ መምህር ነው። መምህራኑ ደግሞ ጥሩምባውን ሰምተው አንድ በአንድ እየመጡ ነው፤ የመጣው አልሞተም። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እዚያ ላይ ሎሚው ተጨመረ። ማስረጃው በእውነት የተሟላ ነበር፤ እኔም ብሆን አምን ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን እማማ ይታይሽ ናቸው። እያለቀሱ ድንኳኑ ሲገቡ ትርንጎ ፀጉሯን ሳትሸፍን፣ መጥረጊያ ይዛ፣ ዓይኗ ደርቆ አገኟት። «እማማ፣ የሞተ የለም እኮ» አለቻቸው። እማማ ይታይሽ ለቅሶአቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ልጅቷ አልሰማችም ማለት ነው። ወደ ኋላ ዞረው ከበሩ የሚገባውን ሰው በእጃቸው ምልክት አቆሙት።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ በሩ ላይ «አልሰማችም» ይባላል፤ እንባውን ይጠርጋል፤ እንደ ተራ እንግዳ ገብቶ ይቀመጣል። ድንኳኑ ሞላ። ማንም የመጣበትን አይናገርም። ስለ ገብስ አወሩ። አያ ፈንቴ ስለ ዘንድሮው ውርጭ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። የጨነቃቸው ደግሞ ፊት ለፊት የሰቀልኩትን ወረቀት ደጋግመው አነበቡ። ወረቀቱ ላይ አምስት የተለያዩ ፊቶች ሥዬበት ከላይ «ዛሬ ምን ይሰማሃል?» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ትርንጎ ለእያንዳንዱ ሰው ታስረዳለች። ወንድሜ ለባነር ጎንደር ሄዶ ነው ትላለች፤ ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል። አሁን ይደርሳል ትላለች፤ እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን ይነክሳሉ።

በመጨረሻ ልጅቷ ፈራች። ስልኬ ላይ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ከዚያ እማማ ይታይሽ ፊት ቆማ፣ አንዱዓለም ምን ሆኗል፣ እውነቱን ይንገሩኝ አለቻቸው።

«ምንም የሆነ ነገር የለም፣ ልጄ» አሏት።

ይህን ቃል ትርንጎ በሐምሌ ሰምታዋለች። ከእንግዲህ አልጠየቀችም። ለተማሪዎቹ የተውኩትን ማርከር እንደያዘች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

እኛ ደግሞ ደርሰናል። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ለሹፌሩ «ሟች ወራጅ አለ» አለ። ሚኒባሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ተሳፋሪው በሙሉ፣ ገበያ የሚሄደው ጭምር፣ መጨረሻውን ለማየት ተከትሎኝ ወረደ። ባነሩን በብብቴ፣ ሎሚውን በእጄ ይዤ እየሮጥኩ ገባሁ።

ድንኳኑ አፍ ላይ ቆምኩ። አለሁ፣ አልሞትኩም አልኩ። ነገር ግን ያ ሰው በሙሉ ለቅሶውን ከማለዳ ጀምሮ ይዞት ቆይቷል፤ እንዲህ የቆየ ለቅሶ ደግሞ ምክንያቱ ስለጠፋ ብቻ ተመልሶ አይገባም። እማማ ይታይሽ «አንዱዓለሜን» ብለው ለቀቁት። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ አለሁ ባልኩ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። ከዳባት የመጡት ሴትዮ እንኳ በሚኒባስ የሸሹኝን ረስተው ደረታቸውን መቱልኝ።

ትርንጎ ተነሥታ መጣች። ፊቴን ነካችው። ጆሮዬን ይዛ አየችው። ከዚያ በማርከሩ ግንባሬን መታችኝ።

«ስልክህን ለምን አታነሳም?» አለችኝ።

ቻርጀር ላይ ስለመሆኑ፣ ባትሪው ካረጀ ወዲህ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ማስረዳት ጀመርኩ። ማርከሩ ክዳን እንዳልነበረው፣ ግንባሬ ላይም ሰማያዊ መሥመር እንደተሠመረ አላወቅኩም። እሷ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ ነው። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሰዉም እንባውን ሳይጠርግ አብሯት ሳቀ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደተለወጠ ማናችንም አላየንም።

«እንደገና የደበቃችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «የሀብታሙን ድንኳን ሳላየው ነው ያፈረሳችሁት።»

እኔ ስለ ሐዘን ደረጃዎች የማውቀውን ለማስታወስ ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ጠፋብኝ። አፌን ስከፍት እማማ ይታይሽ ክንዴን ይዘው «አንተ ቁጭ በል» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወደ ትርንጎ ሄዱ። የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው አለበሷት። «ድንኳኑ ይኸው» አሏት። «ሰዉም ይኸው። ነይ።» ከፊት አስቀመጧትና አጠገቧ ተቀምጠው ለወንድማችን ሙሾ አወረዱለት።

«ረዳቱ ሀብታሙ፣ በሩ ላይ የቆመው፣
ሁሉን አስገብቶ ነው እሱ የቀደመው።»

በዚያን ሰዓት ያላለቀሰ አልነበረም። የሚኒባሱ ረዳት ባነሩን ከእጄ ወስዶ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ አሠረው። ሀብታሙ ከላይ ሆኖ ሁላችንንም እያየ ይስቃል።

ተማሪዎቹ በቀጠርኳቸው ሰዓት መጡ። የተጠሩበት ፕሮግራም ይህ ስለመሰላቸው ነጠላ ያላት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ገብተው ተቀመጡ። በወረቀት ያዘጋጀሁት የመክፈቻ ንግግር ኪሴ ውስጥ ቀረ። ለቅሶው ጋብ ሲል አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ፎቶውን እያየ፣ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ አለ። እናቱ ጎንደር ሆስፒታል ተኝታ ሲመላለስ ሀብታሙ ስለ ጭላዳው ጠይቆት እንደነበር ተናገረ። ከማን እሸሻለሁ እንዳለ ስንጠይቀው ከትራፊኩ አለ። ሰዉ ሳቀ። ልጁ ቀጠለና እናቱ አሁንም እንዳልዳነች፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ለማንም እንዳልተናገረ ነገረን። እማማ ይታይሽ እሳቸውም እንቅልፍ ካጡ ብዙ ዘመናቸው እንደሆነ ነገሩት። ሁለቱ ስለ እንቅልፍ ማጣት ረዥም ጨዋታ ያዙ። ከዚያ አንዲት ልጅ ቀጠለች። ከዚያ ሌላው።

ስለ አምስቱ ፊቶች የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። አያ ፈንቴ ወረቀቱ ዘንድ ቆመው የትኛው የእሳቸው እንደሆነ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ራሳቸው እንዲመርጡ አስረዳኋቸው። ጥሩምባ ሲነፉ የሚሰማቸው ፊት እዚያ ውስጥ እንደሌለ ነግረውኝ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እኩለ ቀን ላይ ለቅሶ ደራሾቹ ያመጡት ንፍሮ ተዞረ። አያ ፈንቴ ለእኔ ሁለት እፍኝ ዘገኑልኝ። «ብላ፣ ያንተ ነው» አሉኝ። ስንዴና ባቄላ ነበር። ጨው በዝቶበታል።

አቶ ዘውዱ ከገጠር ሲመለሱ ጉዳዩ እድሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። በዚያ ቅዳሜ የቀሩት አባላት የሞተ ስላልነበረ ቅጣት አይገባንም ብለው ተከራከሩ። አንድ አባል ደግሞ መምህሩ አንድ ጊዜ ስለተለቀሰለት ወደፊት ሲሞት አይደገምለት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተቀባይነት አላገኘም። አቶ ዘውዱ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ «ድንኳን ወጥቷል፣ ጥሩምባ ተነፍቷል፣ ሰው አልቅሷል። ለቅሶ ነው» ብለው ፈረዱ። የማን ለቅሶ ነው ተብለው ሲጠየቁ «የሀብታሙ ነዋ። እህቱ በሌለችበት ያለቀስነው አልተቆጠረም» አሉ።

በዚያው ስብሰባ ድንኳኑ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ለወጣቶቹ እንዲወጣ ተወሰነ። ነገር ግን ችግር ነበረበት። ድንኳን ባየ ቁጥር ሰው እያለቀሰ ሊመጣ ነው። ስለዚህ አያ ፈንቴ ማለዳ ዞረው የሞተ እንደሌለ እንዲለፍፉ ታዘዙ። እሳቸው መጀመሪያ እምቢ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ለሞተ ሲነፉ ኖረው ላልሞተ መንፋት አልዋጥላቸው አለ። በስንት ልመና ተስማሙ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ ከእንቅልፌ የነቃሁት በእሳቸው ድምፅ ነው። ጥሩምባውን ነፍተው «የሞተ የለም፣ ልጆቻችሁን ላኩ» ይላሉ። ትርንጎ ከአልጋዋ ዘላ ወጣች። በመስኮት ሳያት መንገድ ላይ አስቁማቸው በእጇ እያመለከተች ታስረዳቸዋለች። እኔን መሰለችኝ። አያ ፈንቴ ብዙ ካዳመጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጥሩምባውን አነሡ፣ አስተካክለው ደገሙት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ ደባርቅ ላይ እንዲህ ይለፈፋል፦ «ከሀብታሙ በቀር የሞተ የለም። ልጆቻችሁን ላኩ።» ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ይደነግጣል። እኛ ለምደነዋል።

ትርንጎ ጥሪዋ መጥቶ ከጥር ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ናት። እዚያም አንዳንድ ቀን ይከፋታል፤ አሁን ግን ሲከፋት ከፍቶኛል ትላለች። ቁጥሯን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስልኬም ከእጄ አይለይም።

ድንኳኑ በሚተከልበት ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ትደውላለች። ገና ሳይጠራ አነሳዋለሁ። ደህና አደርክ እንኳ አትለኝም፣ «በመስኮት አውጣው» ትለኛለች። አያ ፈንቴ እስኪደርሱ ስልኩን በመስኮት ዘርግቼ ብርድ ላይ እቆማለሁ። ያልፋሉ፣ ይነፋሉ፣ የወንድማችንን ስም ይጠራሉ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልሰው እየሳቀች ነው።

ያን ጊዜ ምን እንደሚሰማኝ ከአምስቱ ፊቶች በየትኛው እንደማስረዳው አላውቅም። ለእሷም አላስረዳም። አብሬያት እስቃለሁ።